ሳይጠሩ የቀሩት

ሴትዮዋ እናቷን ከቀበረች ወዲህ እንባ አልወጣትም። ታናሽ እህቷ፣ «እትዬ፣ አንቺስ ከምን ተሠርተሽ ነው? ዓይንሽ እንኳ አይረጥብም?» እያለች ስትነዘንዛት፣ «ይመጣ ይሆናል» ትላለች፤ ዝናብ የምትጠብቅ ትመስላለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ሥራዋ ትሄዳለች።

ሥራዋ የሆስፒታል ዳታቤዝ መያዝ ነው። በሽተኛ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ መዝጋቢዋ የገባበትን ሰዓት ትሞላለች፤ ሐኪም ሲጠራው ደግሞ የተጠራበትን። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ረድፍ ወደ አንድ ቁጥር በሚጠቀልል ስሌት ሰው በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ታወጣለች። ቁጥሩ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ክፍሉ ሁለተኛ ሐኪም ይመደብለታል። አልፎ ግን አያውቅም።

ሪፖርት በሚላክበት ቀን ጠዋት ሠንጠረዡን ከፍታ ስታይ የእናቷ ረድፍ ላይ ደረሰች። የገባችበት ሰዓት አለ። የተጠራችበት ባዶ ነው። እናቷ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ነው ያረፈችው፤ የጠራት የለም። አማካይ የሚያወጣው ስሌት ደግሞ ባዶ ሲያገኝ ዘሎ ያልፋል። ስህተት አይደለም፣ ጠባዩ ነው፤ ይህን ከተማረች ጀምሮ ታውቀዋለች። ከእናቷ በላይም በታችም ባዶዎች ነበሩ፤ ታክቷቸው የሄዱ፣ ሌላ ቦታ የተወሰዱ። ሁሉም ጭራሽ እንዳልጠበቁ ሆነው ታልፈዋል።

ደረቷ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። እጇ ብቻ ሠራ። የራሷን የአማካይ ስሌት ጻፈች፦ ሳይጠራ የቀረ ሰው ፈረቃው እስኪያልቅ እንደጠበቀ ይቆጠር። ቁጥሩ ከአንድ ሰዓት አለፈ።

ረቂቁን ያየው አለቃዋ እየሮጠ መጣ። «አንድ ደቂቃ» ሳይል አፉ ስለማይከፈት ሠራተኛው «ደቂቃ» ብሎ ሰይሞታል።

«አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ! ይሄ ቁጥር ምን ነካው?»

«ሳይጠሩ የቀሩትን ጨመርኳቸው።»

«አማካይ ባዶ አይቆጥርም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

«የተለመደው አይቆጥርም። ይሄኛው ይቆጥራል። ሌላ ስም ሰጥቼዋለሁ፤ አሠራሩንም ከሥር ጽፌያለሁ።»

«እሺ፣ የበላይ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«‹እናቷ ጠብቃ ነበር› በላቸው።»

ደቂቃ ቀብር ላይ አጠገቧ ቆሞ አጽናንቷት ነበር፤ የት እንዳረፈች ግን አልጠየቀም። ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። «ላኪው» አለና ወጣ።

ላከችው። አሁን እንኳ ይመጣ ይሆናል ብላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አልመጣም። ከዚያ የእናቷን ረድፍ ብቻ ከስሌቱ አውጥታ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚቀንስ አየች። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዲት እናት የጠጉር ያህል አትመዝንም። ቢሆንም መልሳ አስገባቻት።

እህቷ ደወለች። «እትዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል? አለቀስሽ?»

«ኧረ የለም። ድንገተኛ ክፍል ሁለተኛ ሐኪም ሊመደብ ነው።»

«ታዲያ ለእማዬ ምን ይረባታል?»

«ምንም» አለች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ እህቷም አልዘጋችውም።