ከመታጠፊያው የሚወጡት አራት መብራቶች

ባለቤቴ በሞተበት ዓመት ክረምት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ የእሱ መኪና ስትመጣ አየሁ።

ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቤታችን ከሐረር በላይ ባለው በሐኪም ጋራ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ቁልቁል የከተማው መግቢያ መንገድ ይታያል። ከመታጠፊያው ሁለት ነጭ መብራቶች ብቅ አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ሁለት ቢጫ። አራቱም በርተዋል።

ተነሣሁና ጓዳ ገባሁ። እሳቱን ቆስቁሼ ውሃ ጣድኩ። ሳፋውን ከግድግዳው አወረድኩ። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ ይወድ ስለነበር ጨው በእፍኜ ዘግኜ ወደ ሳፋው ዞርኩ። ያን ጊዜ እጅጌዬን አየሁ። ጥቁር ነው። የሐዘን ልብሴ ነው። እጄ ጨው እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

መኪናዋን ከአርባው በኋላ ሸጫታለሁ። ቁልፉን በገዛ እጄ ነው ያስረከብኩት። የገዟት ጀጎል ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ከባለቤቴ ጋር ለብዙ ዘመን የተዋወቁ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እግሬና እጄ ግን አላወቁም ነበር፤ አራቱን መብራቶች ሲያዩ እኔን ሳይጠይቁኝ ተነሡ።

የጃንሆይ ጊዜ ነበር። ባለቤቴ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር። መንገዱ ወደ ቆላው መውረድ በሚጀምርበት ደንገጎ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ጉም ይተኛል። ለዚያ ብሎ ነው ከመኪናዋ ፊት፣ ዝቅ አድርጎ፣ ሁለቱን ቢጫ የጉም መብራቶች ያስገጠመው። ከተማ ውስጥ አያስፈልጉም። ነገር ግን ገና እንደተጋባን አንድ ማታ እንዲህ ብዬው ነበር፤ «መኪና በመጣ ቁጥር ልቤ ይንጠለጠላል፤ አንተ መሆንህን በምን ልወቅ?» በማግስቱ ከመታጠፊያው ሲወጣ ትልልቆቹንም ቢጫዎቹንም አንድ ላይ አብርቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያው ነበር። አራት መብራት ሳይ ውሃ እጥዳለሁ፤ እሱ ዳገቱን ጨርሶ ሲገባ ውሃው ይሞቃል። ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ መንገዱን ስፈራለት ኖሬ፣ ጉበቱን ታሞ አልጋው ላይ ሞተ።

ጨው ይዤ እንደቆምኩ ከታች ድምፅ ሰማሁ። የጨርቅ ነጋዴውና ሚስታቸው መኪናዋን ከሥር አቁመው ዳገቱን እየወጡ ነው። ሚስትየዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳለች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው።

«እህቴ፣ እኛ ነን፤ አይደንግጡ» አሉ ሰውየው። የራሳቸው ከንፈር ግን ይንቀጠቀጣል።

«ደንጋጣው እሱ ነው» አለች ሚስታቸው ከኋላ። «እኔማ ደንግጬ ጨርሻለሁ።»

አስገባኋቸው። ውሃው ሞቆ ነበርና ሳፋው ውስጥ ገልብጬ እግሯን እንድትታጠብ ሰጠኋት። ለማን እንደጣድኩት አልነገርኳትም።

«ምን አገኛችሁ?» አልኩ።

«ከድሬዳዋ ስንመለስ ደንገጎ ላይ ጉም ያዘን» አሉ። «ወላሂ የገዛ አፍንጫዬን አላየሁም። አራቱንም መብራት አበራሁ። ባሰ! ነጭ አቡጀዲ ፊቴ ላይ የተዘረጋ መሰለኝ።»

«አቡጀዲ ሲያይ ጊዜ ሊለካው ገባበት» አለች ሚስታቸው። «ጎማው መንገዱን ሲለቅ ተሰማኝ። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ጫማዬ ገደል ገባ።»

«ፍሬን ይዣለሁ እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«ይዘሃል። ግን ከድንጋዩ ጋር ከተገናኘህ በኋላ። ያ ድንጋይ ባይኖር ዛሬ ሱቅህን ማን ይከፍት ነበር?»

ሰውየው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአራስ የሚሆነውን ይዘን ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሰን መውረድ አለብን። ልጃችን ድሬዳዋ መውለጃዋ ደርሷል። የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቷን ትፈልጋለች። ጉሙ ደግሞ እዚያው ነው የሚጠብቀን። እህቴ፣ ሟቹ ወንድሜ በጉም ውስጥ እንዴት ነበር የሚነዳት? እኔ እንደሱ አድርጌ ነው የነዳሁት፤ እንቢ አለችኝ።»

«እንደሱ ማለት?»

«አራቱን አብርቼ ነዋ! ማን የማያውቅ አለ? አመሻሽ ላይ ከጀጎል በር በወጣሁ ቁጥር አራቱን አብርቶ ሲገባ አየው አልነበር? ይህን ያህል ዓመት በሰላም ተመላልሷል። እሱ የሚያውቀውን እኔ ልለውጥ?»

ከመታጠፊያው ለእኔ ብቻ ይበራ የነበረው ነገር እነዚህን ሁለት ሰዎች ገደል አፋፍ ወስዶ አቁሟቸዋል። ነገም ሊወስዳቸው ነው።

አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ከድሬዳዋ ስመለስ ያው ጉም ይዞን ነበር። ጉሙ ውስጥ ስንገባ እጁን ሰዶ ትልልቆቹን መብራቶች አጠፋ። ጮኼ ትከሻውን መታሁት። «አትምቺኝ፣ እየነዳሁ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ትልልቆቹ የሚያበሩት ጉሙን ነው። ብርሃኑ ሄዶ ጉሙን ይመታና ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ትንንሾቹ ግን ዝቅ ብለው ከጉሙ ሥር ነው የሚሄዱት። እይ፣ ያውልሽ የመንገዱ ጠርዝ።» እውነትም ጠርዙ፣ እርጥብ ሣሩ፣ ድንጋዩ ይታይ ነበር። በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ አካሄድ አለፍነው።

«ጉም ውስጥ ሲገቡ ትልልቆቹን ያጥፏቸው» አልኳቸው። «ቢጫዎቹን ብቻ ይተው፤ ቀስ ብለው ይንዱ።»

«ላጥፋ?» አሉ። በሐዘኔታ አዩኝ። «እህቴ፣ ሐዘኑ አድክሞዎታል። በዓይኔ ያየሁትን!»

«ያዩት እዚህ ከተማ ውስጥ ነው። እዚህ ጉም የለም።»

«ጉም ከሌለማ ለምን ያበራቸዋል? ለጨዋታ?»

ይህን ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ሚስትየዋ እግሯ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለእኔ ነው» አልኩ። «ከዚህ ደጃፍ እንዳውቀው። ሲደርስ ብቻ ነው የሚያበራቸው፤ መንገድ ላይ አይደለም።»

ሰውየው «ሱብሐነላህ» አሉና መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። ሚስታቸው ከእግር እስከ ራሳቸው ገላመጠቻቸው። «ሰማህ? አንተን እኔ የማውቅህ በሳልህ ነው።» ይህን ብላ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት።

ሲወጡ ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ነገ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ከተማ ስገባ ደግሞ አራቱን አንድ ላይ አላበራም። የእኔ አይደለም።» አመሰገንኳቸው። በዚያ ሰዓት ደግ የዋሉልኝ መስሎኝ ነበር፤ ውለዋልም።

በማግስቱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሲመሻሽ ደጃፍ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከባለቤቴ ጋር የቀበርኩት የመሰለኝ ፍርሃት አንድም ሳይጎድል ተመለሰ። ያልኩት ልክ ባይሆንስ? አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ሰውየው ባይሰሙኝስ? ልጅቷ አሁንም እናቷን እየጠበቀች ቢሆንስ?

አንድ ማታ እንዲሁ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። መኪና ወጣ፤ ሁለት መብራት፤ አለፈ። ሌላ ወጣ፤ ሁለት መብራት። ዓይኔን መልሼ መታጠፊያው ላይ ተከልኩ።

«እህቴ! ወንድ ልጅ ነው!» የሚል የነጋዴው ጩኸት ከታች መጣ። «እናቱም ደህና ናት! ትልልቆቹን አጥፍተን ነው ያለፍነው!»

ዘልዬ ተነሣሁ። መኪናዋ ከሥር ቆማለች። ከመታጠፊያው ወጥታ፣ መንገዱን ሙሉ መጥታ፣ ፊት ለፊቴ ቆማለች። እኔ እሷን ስጠብቅ፣ በሁለት መብራት ስለመጣች የሌላ ሰው መኪና ብዬ አሳልፌያታለሁ። ደስታው ደረቴ ላይ እንዳለ ሐዘን የመሰለ ሌላ ነገር መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ሚስትየዋ እያለከለከች ዳገቱን ወጥታ አቀፈችኝ። እግሯ ላይ አዲስ ጫማ ነበር።

«እሱ ደግሞ ጠርዙን እንደ ጨርቅ ጠርዝ እያየሁ ወረድኩ እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል» አለችኝ። «እግሬ አብጧል፣ እህቴ። ያ የሞቀ ውሃሽ አለ?»

ወደ ጓዳው ዞርኩ። ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። ውሃ አልጣድኩም ነበር።