የጋሽ አድማሱ እጅ

ይህ የሆነው ኮሮና አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም. ነው። በሑዳዴ ጾም ጀመረ፣ በግንቦት አለቀ። ብዙ ሰው የዚያን ጊዜ ነገር ረስቶታል። እኔ ግን አንድ ጥፋት ስላለብኝ አልረሳሁትም።

የምንኖረው ቦንጋ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ያኔ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እናቴ ነን። እናቴ አስም ነበረባት። ትንሽ ብርድ ሲመታት እንኳ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤቱ ሲላክ ልጄ ማርታም መጣች። ከአውቶቡስ ወርዳ በር ላይ ስትደርስ አልሳምኳትም። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ቆመች፣ እኔም ቆምኩ። ከዚያ አጥሩ ጥግ ያለውን ክፍል በእጄ አሳየኋት።

አሥራ አራት ቀን እዚያ ተቀመጠች። ምግቧን በሩ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ እመለሳለሁ። ሳህኑን በበረኪና አጥባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም እሩቅ ቆሜ፣ እናቴን ጠብቅልኝ እያልኩ እመለስ ነበር።

ማርታ የምትማረው ምሕንድስና ቢሆንም ከልጅነቷ ጀምሮ ትስላለች። ለትምህርቷ የገዛችው ትልልቅ ወረቀት ነበራት። ከሰል ስጪኝ ስትለኝ በቆርቆሮ አድርጌ በሩ ላይ ተውኩላት።

የክፍሉ መስኮት ከአጥሩ በላይ ወደ መንገዱ ያሳያል። የሰፈሩ ሰው መምጣቷን ሰምቶ ሰላም ሊላት ሲመጣ መንገዱ ላይ ቆሞ ነው። የመጣውን ሁሉ ሳለችው፣ በአንድ ወረቀት አንድ ሰው ብቻ። ዙሪያውን ባዶ ትተወዋለች።

“ለምን ሁሉንም ለየብቻ?” ብዬ ከበሩ ውጭ ሆኜ ጠየቅኳት።

“ብቻቸውን ናቸዋ እማዬ። ስወጣ በየቤታቸው ቅደም ተከተል አጥሩ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። እንደ ድሮው ጎን ለጎን ይቆማሉ።”

ከሁሉ በላይ የሚመጡት ጎረቤታችን ጋሽ አድማሱ ነበሩ። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ሰው ናቸው። ጫካ ውስጥ ቀፎ እየሰቀሉ ማር ያወርዱ ነበር። አንድ ጊዜ ከቀፎ ዛፍ ላይ ወድቀው የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ጠማማ ሆና ቀርታለች። ጠዋት ጠዋት ዱላቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ይቆማሉ።

“ማርታ፣ ዛሬም ቀፎ ውስጥ ነሽ?”

“ነኝ ጋሼ።”

“ማሩን ብቻሽን እንዳትጨርሺው።”

ስትስላቸው ዝም ብለው አልቆሙላትም። “አፍንጫዬን ቀነስ አድርጊው። ብርቄ ትስቅብኛለች።”

እትዬ ብርቄ ባለቤታቸው ናቸው። “አርባ ዓመት አይተውት የለ እንዴ ጋሼ?” አለች ማርታ።

“እሱማ ፊቴ ላይ ነው። ወረቀት ላይ አይታው አታውቅም።”

ስላ ስትጨርስ ዱላቸውን በአጥሩ ላይ አሳልፈው ወደ መስኮቱ ዘረጉላት። እሷ ጫፉን ያዘች። “ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሆናል። ከሕጉ አልወጣንም” አሉ። እንዲያ ተጨባብጠው ሲስቁ ደረስኩ።

“ጋሼ፣ እባክዎን። እናቴ አለች” አልኳቸው።

ዱላውን ሳቡት። “እውነትሽን ነው፣ ይቅርታ” አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነው ሰላም የሚሉን።

አሥራ አራተኛው ቀን በሰሙነ ሕማማት ዋለ። ያን ሰሞን በሽታው ወረቀት ላይ ይቆያል ይባል ነበር። የብር ኖት በካውያ የሚተኩስ ሰው አውቃለሁ። ማርታ ገላዋን ስትታጠብ ክፍሉን አጸዳሁ። አንሶላውን ቀቀልኩ። ወለሉን በበረኪና አጠብኩ። ወረቀት ግን አይታጠብም። ሰብስቤ ጓሮ ወሰድኩና እሳት ለቀቅኩበት። አንዱንም ገልጬ አላየሁም።

ማርታ ፀጉሯን እያደረቀች መጣች።

“ወረቀቶቹስ?”

“አቃጠልኳቸው።”

“ጋሽ አድማሱንም?”

“ሁሉንም።”

“አንቺም ነበርሽ እኮ። ሳህኑን አስቀምጠሽ ስትመለሺ፣ ከጀርባሽ” አለችኝ። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ከሰል አላነሳችም።

በግንቦት ጋሽ አድማሱ ታመው በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ልብ ነው ተባለ። ቀብራቸው ላይ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን። እድሩ ድንኳን አልጣለም። ሰው ተሰብስቦ ማልቀስ ስለማይችል በየተራ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እጅ ነስቶ እንዲያልፍ ተነገረ። እትዬ ብርቄ ደጃፉ ላይ ወንበር አወጡ። የጋሽ አድማሱን ጋቢ አለበሱት፣ ዱላቸውን አስደገፉበት።

ከቀብር እንደተመለስን አጥሩ ጋ መጥተው ጠሩኝ።

“የማርታ እናት፣ ልጅሽ የሳለችውን ስጪኝ። ፎቶ የለውም። የመታወቂያውም ለቆ ነጭ ሆኗል። ሰው ደጅ ቆሞ ለማን እጅ ይንሳ? ለወንበር?”

አቃጥዬዋለሁ ማለት አቃተኝ። “እሺ፣ እፈልገዋለሁ” አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት መልሰው ጠየቁኝ። “አገኘሽው?”

“ገና ነኝ” አልኩ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፣ ያውም ለሐዘንተኛ።

ቤት ገብቼ ለማርታ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ከሰል ይዛ ተቀመጠች። አንድ ወረቀት አበላሸች፣ ሁለተኛውንም። ፊታቸው አልመጣላትም።

“አፍንጫቸውን እንዳሉኝ ቀንሼው ነበር” አለች። “አሁን የቱ የሳቸው እንደሆነ ጠፋኝ።” ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከሞቱ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር።

የቀራት አንድ ወረቀት ነው። ፊቱን ትታ እጃቸውን ሳለች፣ ዱላውን በአጥሩ ላይ ዘርግቶ የያዘውን እጅ። ጠማማዋ ጣት አለች። በዱላው ጫፍ በኩል ያለውን ባዶ ተወችው።

በሠልስቱ ጠዋት ማስክ አድርገን ሄድን። ደጃፉ ላይ ሰው አልነበረም። እትዬ ብርቄ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

“እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ” አልኳቸው። “የመጀመሪያውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በሽታ አለበት ብዬ ነው።”

ከደረጃው ተነሡ።

“እሱን ነው በሽታ ያልሽው?” አሉኝ።

ስዕሉን እንድትሰጣቸው ለማርታ ምልክት ሰጠኋት።

ወረቀቱን ከማርታ እጅ ተቀበሉ፣ ከእኔ ሳይሆን። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ጠማማዋን ጣት በጣታቸው ነኩና ጣታቸው ላይ የቀረውን ጥላሸት ተመለከቱ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አኖሩት፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት።

እስከ ማታ ሰው አንድ አንድ እያለ መጣ። ከማንኪራ በእግራቸው የመጡ ዘመዶቻቸውም ነበሩ። ደጃፉ ላይ ቆመው ስዕሉን ያዩና እጅ ይነሳሉ። አንድ ሽማግሌ ለመጨበጥ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ክልከላው ትዝ ሲላቸው ወደ ጋቢያቸው መለሱት። እኔና ማርታ ከአጥራችን ሆነን እናይ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድኩ። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። እናቴ ሁለት ዓመት ቆይታ በአልጋዋ ላይ፣ በእቅፌ ዐረፈች፤ ስሜያት ሄደች። ስለዚህ ያን ጊዜ መፍራቴ ስህተት ነው ማለት አልችልም። ወረቀቶቹን ግን ዘርግቼ ፀሐይ ላሰጣቸው እችል ነበር።

ማርታ ዛሬ በሌላ ከተማ ሥራ ላይ ናት። ስዕል ትታለች። ምክንያቱን አልጠይቃትም።

ስዕሉ መስታወት ገብቶለት እትዬ ብርቄ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እንደ ድሮው ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ስገባ ሁልጊዜ ከስዕሉ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ይስቡልኛል። ሆን ብለው ይሁን አይሁን አላውቅም። ወንበር ስለሚስቡልኝ ተመስገን እላለሁ። ተቀምጬም እጁን አየዋለሁ።