ሃያ ሚሊዋትና የአያ ሞላ አጎዛ

ደብረ ታቦር፣ የጤና ዕቃዎች ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ጌትነት ካቻቪቴም ፒንሳም አልሰጡኝም። መዳፍ የምታህል የሙቀት መመዝገቢያ እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «ይህች የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ትገባለች። የምትበላው ሃያ ሚሊዋት ነው። ፍሪጁን በሰዓት ስንት ቢቲዩ ታሞቅብኛለች?» አሉኝ።

የፍሪጅ ጠጋኝ ሙቀትን የሚቆጥረው በቢቲዩ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን የሚለካው በዋት። ፍሪጅ ውስጥ የገባ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ አንዱን ወደ ሌላው መመለስ የግድ ነው።

«ሚሊ ማለት ከሺህ አንድ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ለሺህ አካፍይ፣ ዋት ይሆንልሻል። ዋቱን በሦስት ነጥብ አራት አንድ ሁለት አባዥ፣ በሰዓት የሚፈሰው ቢቲዩ ይወጣል። ለሺህ ማካፈሉን የዘለልሽ ቀን በዚህች ዕቃ ደብረ ታቦርን በሙሉ ታሞቂያለሽ።»

ሃያ ለሺህ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ዋት። ሲባዛ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት ስምንት ቢቲዩ በሰዓት። «ታዲያ ይኼ ምንም አይደለም እኮ» አልሁ።

«ምንም አይደለም አይባልም። ስንት ነው ሲሉሽ ቁጥሩን ንገሪ» አሉ። ደረቅ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። እኔም ቁጣ የሚቀድመኝ ነኝ፤ ስንጨቃጨቅ ኖርን፣ ግን እወዳቸው ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ብርዱ በገባ ሰሞን ስልክ ተደወለልኝ። ትርንጎ ናት፤ ጉና ሥር ባለች አንዲት ጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ።

«እትዬ ስንዱ፣ ፍሪጁ ዘጠኝ ገባ።»

ክትባት የሚቀመጠው ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ነው። ትርንጎ ጎበዝ ናትና ስምንትን ሳያልፍ ብልቃጦቹን አውጥታ በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ ከታቸዋለች። በረዶው ግን ከነገ ረፋድ አያልፍም፤ ነገ ደግሞ የክትባት ቀን ነው።

«ባለፈው ወር ክትባቱ ሳይደርስልኝ ቀርቶ እናቶቹን ባዶ እጃቸውን መለስኋቸው። ነገም ከመለስኋቸው ልጅ አዝለው ዳግመኛ አይመጡልኝም» አለች። እየሰማኋት የመሣሪያ ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ደግሞ ከወረዳ የመጣው ተቆጣጣሪ ያችን አንቺ ያስገባሻትን መመዝገቢያ አውጥታችሁ ጣሉ እያለ ነው» ስትለኝ ግን ደሜ ፈላ።

እስከ ገሳይ በመኪና፣ ከገሳይ ሽቅብ በበቅሎ ወጣሁ። ከቀትር በኋላ ስደርስ ተቆጣጣሪው ደሳለኝ፣ ገና ወጣት ነው፣ ጋቢ ደርቦ ፍሪጁ አጠገብ ተቀምጧል።

«እትዬ ስንዱ፣ አይቆጡኝ» አለ ፊቴን አይቶ። «ፍሪጁ መሞቅ የጀመረው ይህች ዕቃ በገባች ሳምንት ነው። መብራት ያለው ነገር ደግሞ ያሞቃል።»

የሞኝ ነገር አልተናገረም። ዕቃዋ ከወጣች ግን ፍሪጁ ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚነግረን አይኖርም።

«ይህችም የምትበላው ሃያ ሚሊዋት ነው። ስልክህን አውጣና ለሺህ አካፍለህ በሦስት ነጥብ አራት አንድ ሁለት አባዛው» አልሁት። ሃያን ለሺህ አካፈለ፣ አባዛ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት ስምንት አለ።

«አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ቁጭ ስትል ወደ መቶ ዋት ሙቀት ትለቃለህ። እሱንም አባዛው።»

«ሦስት መቶ አርባ አንድ» አለ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየና ሳቀ። «መውጣት ያለብኝስ እኔ ነኝ። ታዲያ የሚያሞቀው ምንድን ነው?»

እኔም አላውቅም። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አልቆ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ጋዝ ከሆነ ለነገ የሚደርስ ሥራ አይደለም። ደሳለኝ ግን ጋቢውን አውልቆ ተነሣ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳበው።

ከጀርባው ሁለት የበግ አጎዛ ወደቀ።

የጤና ኬላው ጥበቃ አያ ሞላ በር ላይ ቆመው ያያሉ። «እኔ ነኝ ያለበስሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ብርዱ የገባ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁትና አንጀቴን በላው። አንድ ባለብሰው ጭራሽ አላቋርጥ አለ። የኔን መኝታ ጨመርሁለት።»

ፍሪጅ ከውስጥ የሰበሰበውን ሙቀት የሚተፋው በጀርባው በተዘረጋው ሽቦ ነው። እሳቸው ሲያለብሱት ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ኮምፕረሰሩ ዕረፍት አጥቶ ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸውም ይደርቡለታል። ጉና ላይ ሲንቀጠቀጥ ያዩትን አልብሶ እንጂ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ሳቅ ቀደመኝ።

«አንቱስ በምን ተኙ፣ አያ ሞላ?»

«መች ተኛሁ። እሱም ሲንቀጠቀጥ፣ እኔም ስንቀጠቀጥ ነው የምናነጋው።»

ጋዙን ለካሁ፣ ደህና ነው። የጀርባውን አቧራ ጠርጌ ፍሪጁን ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አቆምሁት። ያች ልትጣል የነበረችው መመዝገቢያ ስምንት አለች፣ ቆይታ ሰባት። ጠዋት በረዶው ሳይቀልጥ አምስት ዲግሪ ላይ አገኘናት። ትርንጎ ብልቃጦቹን መልሳ ስታስገባ ከደስታ ብዛት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሷንስ ላልብሳት?» አሉ አያ ሞላ።

ረፋድ ላይ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። አያ ሞላ ሁለቱን አጎዛ ደጅ ላይ አንጥፈው ተራ የሚጠብቁትን አስቀመጡባቸው። ያን ቀን ባዶ እጇን የተመለሰች እናት የለችም።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው። ሚሊዋቱን ለሺህ አካፍሉ፣ በሦስት ነጥብ አራት አንድ ሁለት አባዙ። የሚወጣው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ዕቃዋን ተዉአትና የፍሪጁን ጀርባ እዩ።