በሙሽራዋ እጅ ላይ የሣልኩት የቻይና ፊደል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ሰሊጡ ተሸጦ ሠርግ በየሰፈሩ በሚደራረብበት ወቅት፣ እዚሁ ገንዳ ውሃ ከተማ ነው። የማልረሳው ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላውቀውን ጽሑፍ ሳይ፣ የብርድ ልብስ መጠቅለያ ላይም ይሁን የሻይ ካርቶን ላይ፣ ቆም ብዬ ማፍጠጥ አመል ሆኖብኛል። ባለቤቴ «አንች ሴትዮ፣ ዕቃ ልትገዢ ነው ወይስ ልትማሪ የመጣሽው?» እያለ ይስቅብኛል።

ሥራዬ ሂና ነው። ከሱዳን በኩል በመጣው ስም ሐናና ይሉኛል። በሙሽሮች እጅና እግር ላይ አበባ፣ ቅጠልና ሐረግ እሥላለሁ። ትምህርቴ ብዙም አልገፋ፤ ዓይኔ ግን ሌባ ነው፣ ያየውን ጥለት ሁሉ ይዞ ይመጣል። የመጋረጃ አበባ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት የቶብ ጥለት፣ የበር ላይ ቅርጽ፣ ያልሣልኩት የለም። ደንበኞቼም የሚወዱኝ ሌላ ሴት እጅ ላይ ያላዩትን ስለማመጣላቸው ነው።

በዚያ ሰሞን ወደ ሽንፋ የሚወስደውን መንገድ ቻይናዎች እየሠሩ ነበር። ካምፓቸው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎ ትልልቅ ነጫጭ ፊደሎች ተጽፈውበታል። በባጃጅ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ያርፋል። 安 ነው። ከላይ ጣራ የመሰለ ነገር አለው፤ ከሥሩ ደግሞ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። በቃ፣ ወደድኩት።

የጎረቤታችን የነጋዴው ልጅ ሰዓዳ ልታገባ ሆነ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት። «ከዲጃዬ፣ ማንም ያላደረገውን አድርጊልኝ» አለችኝ። እኔም የቀኝ እጇ ጀርባ ላይ፣ በአበባው መሐል፣ ያንን ፊደል ሣልኩላት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ሥራዬ አምሮልኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጋብቻው የሚታሰርበት ኒካሑ ነው። ሂናውን በሣልኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የሙሽራው እናት እትዬ ዘይነባ ለሙሽራዋ የተገዛውን ልብስ አስይዘው መጡ። እትዬ ዘይነባ ኸርጡም ብዙ ዓመት ኖረው፣ ጦርነቱ ሲነሳ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጃቸውን ጀማልን ይዘው በመተማ በኩል የገቡ ሴት ናቸው። ሻንጣውን የያዘላቸው ወንድማቸው ሙሳ ነበር። ሙሳ ለቻይናዎቹ ጠጠር የሚያመላልስ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው።

ሴቱ ሁሉ የሰዓዳን እጅ እያየ «ማሻአላህ!» አለ። ሙሳ ግን ሻንጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ይኸን ነገር አውቀዋለሁ» አለ። «ድንጋይ የሚያፈነዱበት ቦታ ላይ ሰሌዳ ቆሟል። የሰው ራስ ቅል ተሥሎበት ከሥሩ ይኸ ተጽፏል።»

«ምን ማለት ነው ታዲያ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ከራስ ቅል ሥር ምን ሊጻፍ ኖሯል? ሞት ነዋ!»

ወይ ጉዴ! የሰዓዳ እናት «ልጄን ምን ጉድ ሠራሻት!» ብለው ጮኹብኝ። እትዬ ዘይነባ ግን አልጮኹም። የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

«እኔ ከሞት ሸሽቼ ነው እዚህ የገባሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ሞት የተጻፈባትን ልጅ ደግሞ በእጄ ይዤ ቤቴ አላስገባም። ይኸ ሳይጠፋ ኒካሕ የለም። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሂና ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ነገር አይደለም። በሎሚ አሸን፣ በጨው አሸን፣ አንዷ በረኪና አመጣች። የልጅቷ እጅ ቀላ እንጂ ፊደሉ ንቅንቅ አላለም። በላዩ ላይ ጥቁር ሂና ላልብስበት ብላቸው እትዬ ዘይነባ «የተጻፈ ነገር ስለተሸፈነ ጠፋ ማለት ነው?» አሉኝ። ሰዓዳ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ሠርጓ በኔ እጅ ሊፈርስ ነው።

ከዚያ ንዴቴ መጣ። «ሙሳ ቻይንኛ የት ተማረና ነው? የጻፉት ሰዎች እዚህ ቅርብ አሉ አይደል? ሄደን እንጠይቃቸው!» አልኩ። እትዬ ዘይነባም «ሙሳ አብሯት ይሂድ፤ በጆሮው ይስማ» አሉ። አላመኑኝም፤ አልፈርድባቸውም። የሰዓዳን እጅ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና የሙሳ ገልባጭ ላይ ወጣሁ።

ድንጋይ በሚያፈነዱበት ቦታ፣ የቀን ሠራተኞቹ ታደሰ የሚል ስም ያወጡለት ቻይናዊ አሠሪ አለ። አማርኛውን ከእነሱ ስለለቀመው «ቶሎ በል» እና «ችግር የለም» ላይ ጎበዝ ነው። ፎቶውን አሳየሁት። ፊቱ በራ።

«ሞት ነው?» አለው ሙሳ።

«ሞት የለም! ይሄ ጥሩ! አን!» አለ ታደሰ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ እንደ ጣራ ገጠመና «ቤት» አለ። በጣቱ እኔን እያሳየ «ሴት» አለ። ከዚያ ደረቱን ይዞ በረጅሙ ተነፈሰና «ሴት፣ ቤት ውስጥ፣ ችግር የለም» አለን።

«ቤት ውስጥ ችግር የሌለባትን ሴት የት አግኝቷት ይሆን?» ብል ሠራተኞቹ ሳቁ። ሙሳ ግን አልተዋጠለትም፤ ጎትቶ ሰሌዳው ጋ ወሰደው። ታደሰ ራስ ቅሉን እየነካ «ይሄ ሞት» አለ። ፊደሉን እየነካ «ይሄ አን» አለ። «እዚህ ሞት አለ። አንተ አን ሁን!» ሲለው ሙሳ ራሱን አከከ። ለካ ሰሌዳው የሚለው ተጠንቀቅ፣ ደህና ሁን ነው። ሞት ያለበት ቦታ ላይ ካልተባለ የት ሊባል ነው?

ልሄድ ስል ታደሰ ፎቶውን እንደገና አየና ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ አን አይደለም» አለ። እንጨት አንስቶ አፈሩ ላይ ጻፈልኝ። ለካ ጣራው አናት ላይ አንዲት ነጥብ አለች። እኔ አበባው ስለተጋፋብኝ ትቻታለሁ፤ ለኔ ጥለት ናታ! ለእሱ ግን ነጥቧ ከሌለች ጣራ የለም፤ ጣራ ከሌለ ቃሉ የለም።

እንጨቱን ሰጠኝና «ጻፊ» አለኝ። የሴትዮዋን አግድም መስመር ቀድሜ ባሰምረው «አይ አይ አይ!» ብሎ በእግሩ አጠፋብኝ። ለካ ተራ አለው። መጀመሪያ ነጥቧ፣ ቀጥሎ በግራ በኩል የምትወርደው አጭሯ መስመር፣ ከዚያ ጫፉ የሚታጠፈው ጣራ። ቤቱ ሳያልቅ ሴትዮዋ አትገባም። የእሷም ሁለት የተጣመሩ መስመሮች ይቀድማሉ፤ አግድሙ መጨረሻ ላይ ነው። እያጠፋ ደጋግሞ አጻፈኝ። ሠራተኞቹ «ታደሰ የኔታ ሆነ!» እያሉ ያሾፉብናል። ሠርግ ሊፈርስብኝ ሲል የመጣሁ ሴት መሆኔን ረስቼ፣ አቧራ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ለምን ሴት እንደሆነች ብጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ «አባት፣ የአባት አባት» አለኝ። የጥንት ሰዎች እንዲህ ጻፉት ማለቱ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ «ጎበዝ» ሲለኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ስንመለስ ሙሳ መሪውን እንደያዘ «ነገሩን አናርዝመው። ፊደሉ ጎደሎ ነው፣ ምንም አይልም እንበላቸው» አለኝ። እውነትም ነበር። ገብቶም እንደዚያው አላቸው።

እትዬ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ! አበባ ነዋ!» ብለው ትንፋሻቸው መለስ አለ። የሰዓዳ እናት እልል አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

እጇን ስታይ የቆየችው ሰዓዳ ግን ቀና ብላ «ባይጎድልስ ኖሮ ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

ሙሳ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ተይው ማለቱ ነው። እኔ ግን ያችን ልጅ ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። ቤቱን፣ ጣራውን፣ ሴትዮዋን፣ ደህና መሆን ማለት እንደሆነም ነገርኳት።

እትዬ ዘይነባ ድንገት «ሴትዮዋ ብቻዋን ናት?» አሉኝ።

«ብቻዋን ናት እትዬ። ግን ጣራ አላት።»

እርሳቸው ተቀመጡ። «ከኸርጡም ስንወጣ ዛፍ ሥር ያደርንበት ቀን ብዙ ነው» አሉ። «ዳቦ አልተመኘሁም፣ ገንዘብ አልተመኘሁም። ያ ረቢ፣ ጣራ ብቻ ስጠኝ ነበር የምለው።» ዕንባቸው መጣ። የኔም መጣ። ሙሳ የመኪናውን መብራት ሳያጠፋ የረሳ ይመስል ብድግ ብሎ ወጣ።

ሰዓዳ የቀላ እጇን ዘረጋችልኝና «ነጥቧን ጨምሪልኝ» አለች። ሂናውን አነሳሁ። ክንዷ እንዳይነቃነቅ የያዙልኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

ኒካሑ በቀኑ ሆነ። ቻይናዎቹ ዛሬ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። የቻይና ፊደል ስንት ሺህ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ የቀሩት ምን እንደሚሉ ሳስብ እቀናለሁ። ከዚያ ወዲህ «ያን የቻይናውን ሣይልኝ» የሚሉኝ ሙሽሮች አሉ። መጀመሪያ ምን እንደሚል እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ይመርጣሉ። አንዷማ «እኔ የምገባው አማቴ ቤት ነው። ቆይ፣ ገብቼ ልየውና ተመልሼ እመጣለሁ» ብላኝ ሄደች።

እኔን ግን እስከ ዛሬ ደስ የሚለኝ ሌላ ነው። የሰዓዳ ሂና የደበዘዘ ሰሞን በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ምራታቸውን እጇን ይዘው ቆመዋል። «ሊጠፋባት ነው» አሉኝ ኮስተር ብለው። «እንደገና ጻፊላት። ነጥቧን ደግሞ እንዳትረሺ።»