ራሂማ አልተስማማችም

ወይዘሮ ፍረወይኒ ካዛንቺስ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዘዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው ስማቸውን የሚያነሳው በዚህ ሥራ ብቻ ነበር።

አምና ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው መድሃኔ የሚባል ወጣት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስብሰባውን ቀዳ። ሰው ወደ ቤቱ ሳይገባ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀው ቃለ ጉባኤ በቴሌግራም ደረሰ። የወይዘሮ ፍረወይኒ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ሊቀመንበሩ «በቃ፣ እርስዎ ይረፉ» አሏቸው።

እረፍት ግን አላገኙም። ደረጃው ላይ ሰው መድሃኔን ሲያመሰግን ከሰሙ ፊታቸውን አጥቁረው ያልፋሉ። የሚልከውን ጽሑፍ ስህተት ፍለጋ ደጋግመው ያነባሉ።

ጥር ላይ በሩ ላይ ሰውን በፊቱ የሚለይ ካሜራ ይተከል ተባለ። ጨርቅ ነጋዴዋ ራሂማ ተነስታ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ሳይነገራት እንደማትስማማ ተናገረች። የመድሃኔ ቃለ ጉባኤ ግን «ነዋሪዎች በሐሳቡ ተስማምተዋል» ይላል።

ወይዘሮ ፍረወይኒ ያን ቀን ምሳቸውን በደስታ በሉ። በቀጣዩ ስብሰባ ቆመው መስመሩን ጮክ ብለው አነበቡት። መድሃኔ አቀረቀረ፤ ፕሮግራሙ የብዙኃኑን ሐሳብ ይዞ እንደሚያሳጥር በዝግታ አስረዳ።

ያኔ ራሂማ ወደ እሳቸው ዞረች። «እትዬ ፍረወይኒ፣ ጄኔሬተር ይገዛ የተባለ ጊዜም ተቃውሜ ነበር። እርስዎስ ጽፈውታል?»

መዝገቡ ተገለጠ። በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ሰፍሯል።

«ስብሰባው እንዲያምር ብዬ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ራሂማ ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት፣ ፕሮግራሙ ረቂቅ ማዘጋጀቱን እንዲቀጥል፣ የተቃወመ ሰው ሐሳቡ ከነስሙ እንዲገባና ቃለ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት እንዲነበብለት ተወሰነ። ካሜራውም ቀረጻውን ማን እንደሚያይ ደንብ እስኪወጣ ይቆይ ተባለ። ረቂቁን ከተቀዳው ድምፅ ጋር የሚያመሳክሩት ወይዘሮ ፍረወይኒና መድሃኔ ሆኑ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይቀመጣሉ። ልጁ ትሑት ነው፤ የጎደለውን ሲያሳዩት ወዲያው ያርማል። እሳቸውም ምስጋና አይነፍጉትም። ነገር ግን ራሂማ ባለፈው ሳምንት «መድሃኔ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ስትል ሰምተው እስከ ዛሬ ሰላም አላሏትም።