ለስግደት የተቀደደ ጉልበት

በአርባ ሦስት ዓመቴ ኳስ ካልተጫወትኩ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። በኮሮናው ዓመት ካዚኖው ተዘግቶ እኛ የካርድ ዲለሮች ሥራ ስንፈታ፣ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር ካለው አፓርታማችን ጀርባ ባለ ሜዳ ኳስ ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት ዞር ስል ጉልበቴ ውስጥ "ቋ!" አለ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ጅማቱ ተበጥሷል፣ በኦፕራሲዮን ሌላ ይተካ ተባለ።

"በሥራህ ላይ ትንበረከካለህ?" አለኝ ሐኪሙ። ሳቄ መጣ። ቁማር የሚያጫውት ሰው ምን ያንበረክከዋል? ሺፍቱን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። "በፍጹም" አልኩት። እንግዲያው አዲሱን ጅማት ከጉልበትህ ሎሚ ሥር እወስዳለሁ፣ ቆዳውን ቀጥ አድርጌ ወደ ታች እቀደዋለሁ አለ። ፈረምኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ማማሰያዋን አስቀመጠች።

"አትንበረከክም? ታዲያ በየዓመቱ ስቅለት ዕለት ሲሰግድ የሚውለው ማነው? ጎረቤታችን?"

ክው አልኩ። ሥራ ብሎ ሲጠይቀኝ ቤተ ክርስቲያን በሐሳቤም አልመጣ! እኔ ዓመቱን ሙሉ ቁማር ሳጫውት የምኖር ሰው ነኝ። በዓመት አንድ ቀን ግንባሬን መሬት ካላስነካሁ በምን ፊቴ ነው የምጸልየው?

በማግስቱ ደወልኩ። ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደምሰግድ ጠየቀኝ። "እኛም ቆጥረን አንጨርሰውም" አልኩት። ሐሳቡን ቀየረ። ጅማቱን ከጭኔ ጀርባ ሊወስድ፣ የጅማቱ ጫፍ ከሚያያዝበት ከጉልበቴ በታችም በውስጥ በኩል አጠር ያለች፣ ገደድ ያለች ቅድ ሊያወጣ። እዚያ ቆዳው ሥር ቀጭን ነርቭ ያልፋል አለኝ፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቢላ በቀላሉ ያገኘዋል፣ ገደድ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይምረዋል። "ቢሆንም ቃል አልገባልህም" አለ። ነርቩ ከተጎዳ ቆዳው ሊደነዝዝ፣ ሲብስም መንበርከክ እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። ፋሻው ሲፈታ ግን ከጠባሳው አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ድንዝዝ ብላለች። ባለቤቴ በየሳምንቱ ዓይኔን ታስጨፍነኝና በጥጥ ትነካካኛለች።

"አሁንስ?"

"አዎ፣ ተሰማኝ!"

"ውሸታም፣ ገና መች ነካሁህ!"

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ፈርቼ ነበር። የንስሐ አባቴ "እግዚአብሔር ልብህን ያያል፣ ዘንድሮ ቆመህ ጸልይ" አሉኝ። እሺ አባ አልኳቸው፤ በሆዴ እምቢ ብያለሁ።

ወራት አልፈው ስቅለት ደረሰ። ሐኪሙ ቀስ ብለህ ሞክር ብሎኛል። በኮሮናው ምክንያት ጸሎቱ ውጭ፣ ፓርኪንጉ ላይ ነበር። ምንጣፌን ዘረጋሁ፣ አማተብኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። አላቃጠለኝም! ተመስገን ብዬ ደገምኩ። ግን ያቺ ቦታ አሁንም የሰው ሥጋ ትመስላለች፤ የራሴ አልሆነችም። አሥረኛው ላይ ይሁን ሃያኛው እንጃ፣ ከምንጣፌ ተንሸራትቼ አስፋልቱ ላይ ስወርድ አንዲት ጠጠር እዚያችው ላይ ወጋችኝ።

"ወይኔ! ተሰማኝ!"

ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከሴቶቹ በኩል ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። እኔ ግን እንባዬን ለቀቅኩት። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ለጌታ ሕማም ያለቀስኩ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። ለጠጠር ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ወደ ማምሻው ሰው በወይራ ቅጠል እየተጠበጠበ ተጨማሪ ስግደት ሲታዘዝ ተራዬ ደረሰ። የንስሐ አባቴ ጉልበቴን አዩት።

"አባ፣ ዳንኩ" አልኳቸው።

"ሰምተናል ልጄ፤ ቬጋስ ሁሉ ሰምቷል።" ትከሻዬን በወይራው ቸብ አደረጉኝ። "እንግዲያው መቶ ጨምር።"

ጨመርኩ። ሕይወቴን ሙሉ ቅጣት እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።