ወፍጮውን ለምኜ ያመጣሁ ሰሞን

እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ። ሰው የራሱን ጉድጓድ ለምኖ ያስቆፍራል? እኔ አስቆፍሬያለሁ፤ ያውም ሻይ እያቀረብኩ።

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ውስጥ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ሪያድ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ የከፈትኳት ናት። ሽሮና ጥብስ እሸጣለሁ፤ ደንበኞቼ የእኛው ሰዎች ናቸው። በሯ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። በዚያ ሙቀት ጥላ ማለት ግማሽ ገበያ ነው።

ሰፈራችን ወፍጮ አልነበረውም። እንጀራ እየሸጥን የምንኖር ሴቶች ማሽላ ለማስፈጨት ጆንያ ተሸክመን፣ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን እንሄዳለን። ቀኑ እዚያው ያልቃል። ደግሞ ወፍጮ የገባበትን ሰፈር ገበያ ይከተለዋል፤ ዱቄት ሻጩ፣ በርበሬ ነጋዴው፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ሁሉ ይመጣል። ይህን ለሴቶቹ ስሰብክ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው።

ኦምዱርማን የሚፈጩልንን ሽማግሌ ሀጂ እንላቸዋለን። "ሌላ ወፍጮ እኛ ሰፈር ይክፈቱ" ብዬ ነዘነዝኳቸው። "ሰው አለ ወይ?" አሉኝ። "ይምጡና ይዩ" አልኳቸው። መንገዱ ጥግ ላይ ለዓመታት የተዘጋ ጋራዥ ነበር፤ ለእሳቸው ያሰብነው እሱን ነው።

ሴቶቹ ሁለት ሳምንት ሳያስፈጩ እህላቸውን አቆዩ፤ በቀጠሮው ቀን ጆንያቸውን ይዘው እንዲሰለፉ ነው። ሰልፉ ጋራዡ ጋ መሆን ነበረበት። ግን እዚያ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ቆሻሻም ተከምሮበታል። እንግዳን እንዲህ ያለ ቦታ መቀበል ነውር ነው አልን። ይሉኝታችን መቼም አይጣል ነው። ስለዚህ ሴቶቹን እኔ በር ላይ፣ ከኒሙ ሥር አሰለፍኳቸው። ግድግዳዬንም ከውስጥም ከውጭም ነጭ ቀለም አስቀባሁ። ካፉሪ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት እየሠራች ጎን ለጎን እንጀራ የምትሸጠው የወሎ ጎረቤቴ ለዚሁ ብላ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ነበር፤ ሰልፉን እያስተካከለች "ዛሬስ ሙሽራ የምንቀበል መሰልን" ትለኛለች።

ሀጂ በሉ፣ ጠጡ፣ ሰልፉን አዩ። ጋራዡ ጋ ስወስዳቸው አንገታቸውን ብቻ አስገብተው ወጡ። "ኢንሻአላህ እመጣለሁ" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከሁሉም አስበልጬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ አከራዬ መጣና "ቤቱን በወሩ መጨረሻ ልቀቂ" አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ።

"ለማን?"

"ለሀጂ። ወፍጮ ሊተክሉበት ነው። ካንቺ የተሻለ ይከፍላሉ።"

እጄ ላይ የነበረውን ጭልፋ የት እንዳስቀመጥኩት ዛሬም አላውቅም። ውል የሚባል ወረቀት የለኝም፤ የተግባባነው በቃል ነበር።

ኦምዱርማን ሮጬ ሄድኩ። ሀጂ ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ በፈገግታ ተቀበሉኝ። "እህቴ፣ ሰዉ የሚቆመው እዚያ ነው፤ አንቺው አሳየሽኝ። ጋራዡ ጋ ማን ይቆማል?" አሉ። ቀጥለውም "ማዓሌሽ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ጋራዡን ያዢ" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው፣ ሊያጽናኑኝ። ክፋት ቢኖርባቸው ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር። አልነበረባቸውም፤ ያደረቀኝም እሱ ነው። አውቶቡሱ ድልድዩን እስኪሻገር፣ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ ስል ነበር።

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። "እሱ ጋ አናስፈጭም" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጆንያቸውን ማጣጠፍ ያዙ። ያቺ የወሎ ጎረቤቴ ብቻ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ "እህትዬ፣ ወገባችን እኮ አለቀ" አለችኝ። ልቆጣት ፈለግሁ። ግን የእኔም ወገብ አልቋል።

ወፍጮው የተከፈተ ዕለት እኔም ጆንያዬን ተሸክሜ ሄድኩ፤ እንጀራ ጋግሬ ካልሸጥኩ ምን ልበላ ነው። ከኒሙ ሥር፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ሀጂ ከበሩ አዩኝና "እሷ ትቅደም፤ ወደዚህ ያመጣችኝ እሷ ናት" አሉ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዷ እልልታ ጀመረች። ገባሁ። ወፍጮው የተተከለው ምድጃዬ የነበረበት ላይ ነው። ባስቀባሁት ነጭ ግድግዳ ላይ የምድጃዬ ጥላሸት እንዳለ አለ።

ሀጂ ጆንያዬን በገዛ እጃቸው ተቀበሉኝ። "ያንቺ ዛሬ በነጻ ነው" አሉኝ።

እኔም አመሰገንኳቸው።